ከፈራኢድ በፊት የሚመጣው ጥያቄ፦ የሙስሊም ቤተሰቦች የውርስ አፈታት በሰሚት አካባቢ

መነሻ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሰሚትና በዙሪያው በሚገኙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የግል ግቢዎች ለሚኖር መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ፣ አባት ሲሞት የሚቀረው ዋና ንብረት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እሱም ቤቱ ነው። በአንዳንዱ ቤተሰብ መርካቶ የተያዘ ሱቅ፣ በትውልድ አገር የቀረ የእርሻ ይዞታ ወይም በባንክ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ ሊጨመር ይችላል። ገንዘብ ይቆጠራል፤ የሱቅ ዕቃም ተቆጥሮ ይከፈላል። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ግን ስምንት ቦታ አይቆረጥም፤ በውስጡም በአብዛኛው የሟች ሚስት ትኖርበታለች።

ስለ ኢስላማዊ የውርስ ሕግ በአገራችን የሚደረገው ውይይት ትኩረቱን የሚጥለው በአንድ ደንብ ላይ ነው፤ ይኸውም ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወርሳል በሚለው። ደንቡ በሱረቱ አን-ኒሳእ የተደነገገ ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ጋር ያለው ግንኙነትም ተደጋግሞ ተጽፎበታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የተለየ ነው። ጠቡ የሚነሳው ድርሻ በሚሰላበት ጊዜ ቢሆንም፣ ከባዱ ውሳኔ የሚሰጠው ከዚያ በፊት ነው። «ለመከፋፈል የቀረበው ንብረት በእርግጥ የሟች ነውን?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ሳይነሳ ወደ ፈራኢድ፣ ማለትም ወደ ድርሻ አከፋፈሉ ሥርዓት፣ ሲገባ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ውጤቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጉዳት ትልቁን የምትሸከመውም ሴት ልጅ ሳትሆን እናት ናት። ይህን ለማሳየት በአንድ ለስሌት በታሰበ ቤተሰብ ምሳሌነት እንጠቀማለን።

የትኛው ፍርድ ቤት፣ በማን ፈቃድ

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጅ የሙስሊሞችን የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነርሱ ሳያነሳ ቢያልፍም ሥራቸውን አላቆሙም። አሁን የሚሠሩት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) እና 78(5) መሠረት፣ በፌዴራል ደረጃም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። በይዘት ረገድ የእስልምናን ሕግ፣ በሥነ ሥርዓት ረገድ ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትን ሕግ እንዲከተሉ አድርጓል።

በውርስ ረገድ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ሟቹ በሞተበት ጊዜ ሙስሊም መሆን አለበት፤ ተከራካሪዎቹም ጉዳያቸው በሸሪዓ እንዲዳኝ መስማማት አለባቸው። ሁለተኛው ነጥብ ጌጥ አይደለም። አንዲት ተከራካሪ የውርስ ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳይታይ ተቃውማ፣ ተቃውሞዋ ታልፎ በተወሰነባት ጊዜ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ውሳኔውን ከአንቀጽ 34(5) ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ሽሮታል። ስለዚህ ከአምስት ወራሾች አራቱ ቢስማሙ አምስተኛው አልተስማማም፤ አራቱ የእርሱን ፈቃድ ሊሰጡለት አይችሉም። በሌላ በኩል መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከራካሪ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይህ ደንብ በዱባይ፣ በጅዳ ወይም በዋሽንግተን ለሚኖር ወራሽ ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ገለልተኛ መሆን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በሕጉ ዘንድ ፈቅዷል።

መደበኛው መንገድ ደግሞ ክፍት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር (አዋጅ ቁጥር 361/1995) መሠረት የከተማው ፍርድ ቤቶች የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት ወራሽ ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። በመሆኑም የአንድ ቤተሰብ ውርስ በየትኛው ሕግ እንደሚፈታ የሚወሰነው፣ ብዙውን ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ ሳይመክርበት፣ ማስረጃ ለማውጣት ቀድሞ በሄደው ልጅ እርምጃ ነው።

አንድ ቤት፣ ሦስት ስሌቶች

አንድ ሙስሊም አባት ሚስት፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ልጆቹ ሁሉ የዚችው ሚስት ናቸው፤ የሟች ወላጆች በሕይወት የሉም። የቀረው ንብረት በጋብቻ ዘመን የተገዛ፣ 4,800,000 ብር የሚገመት የሰሚት ቤት ነው። የቀብር ወጪና ዕዳ ተከፍሎ አልቋል፤ ኑዛዜም የለም።

በመጀመሪያው መንገድ፣ በመደበኛው ሕግ፣ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 62 እና 63 በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት፣ በአንደኛቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ሚስት 2,400,000 ብሩን የምትወስደው ባለቤት ስለሆነች ነው። ከዚህ ሌላ አትወርስም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የትዳር ጓደኛን ከሕጋዊ ወራሾች ተርታ አላስገባም። ቀሪው 2,400,000 ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 800,000 ይደርሳቸዋል።

በሁለተኛው መንገድ ቤቱ በሟች ስም የተመዘገበ ስለሆነ መላው ቤት ተሪካ፣ ማለትም የሟች ትራፊ ሀብት፣ ተደርጎ ፈራኢድ ይሠራበታል። ልጆች ያሉት ባል ሲሞት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ 600,000 ብር። ቀሪው 4,200,000 በአምስት እጅ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት፣ ለሴቷ አንድ እጅ ይሰጣል። ወንዶቹ 1,680,000፣ ሴቷ 840,000 ያገኛሉ።

በሦስተኛው መንገድ የሚስት የጋራ ሀብት ግማሽ አስቀድሞ ይወጣል፤ ፈራኢድ የሚሠራው በሟች ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሚስት 2,400,000 በባለቤትነት፣ የቀሪውን ስምንተኛ 300,000 ደግሞ በወራሽነት፣ በጠቅላላው 2,700,000 ብር ታገኛለች። የቀረው 2,100,000 በአምስት እጅ ሲከፈል ወንዶቹ 840,000፣ ሴቷ 420,000 ይደርሳቸዋል።

ሦስቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የተለመደው ክርክር ቦታውን ይለውጣል። በሁለተኛው መንገድ የሴት ልጅ ድርሻ ከመደበኛው ሕግ ድርሻዋ በ40,000 ብር ይበልጣል። ይህ ብልጫ የመጣው ከእናቷ ግማሽ ነው። እናት ግን ከ2,700,000 ወደ 600,000 ትወርዳለች። በሦስተኛው መንገድ ልጆች ሁሉ እኩል ቢካፈሉ ኖሮ ለእያንዳንዳቸው 700,000 ይደርስ ነበር፤ ስለዚህ የእጥፍ ደንቡ ከሴት ልጅ የወሰደው 280,000 ብር ነው። የግማሽ ጥያቄው ከእናት የሚወስደው ግን 2,100,000 ብር ነው። በሽምግልና ላይ ግን ድምፅ ከፍ የሚለው ስለ መጀመሪያው እንጂ ስለ ሁለተኛው አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። እናት በተራዋ ስትሞት፣ የደረሳትን ሳትነካ አቆይታ ከሆነና ከልጆቿ በቀር ወራሽ ከሌላት፣ በሁለተኛውም በሦስተኛውም መንገድ የልጆቹ የመጨረሻ ድርሻ አንድ ነው። በሁለተኛው መንገድ ሴት ልጅ በቀደመው 840,000 ላይ ከእናቷ 600,000 አንድ አምስተኛውን፣ 120,000 ብር፣ ትጨምራለች። በሦስተኛው በ420,000 ላይ ከ2,700,000 አንድ አምስተኛውን፣ 540,000 ብር፣ ትጨምራለች። ሁለቱም 960,000 ናቸው፤ ወንዶቹም በሁለቱም መንገድ 1,920,000 ይደርሳሉ። እንግዲህ በልጆች መካከል ያለው ሚዛን በግማሹ ጥያቄ አይለወጥም። የሚለወጠው እናት ቀሪ ዘመኗን ባለቤት ሆና ወይስ ተጧሪ ሆና ትኖራለች የሚለው ነው።

እርግጥ ውጤቱ አንድ የሚሆነው በተባለው ሁኔታ ነው። እናት ሌላ ትዳር የወለደቻቸው ልጆች ካሏት፣ ወላጆቿ በሕይወት ካሉ፣ ከሀብቷ ለሕክምና ካወጣች ወይም ከሲሦው በወሲያ ከሰጠች ቁጥሩ ይለያያል። ይህ ግን ነገሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ እነዚህ ሁሉ ባለቤት የሆነ ሰው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸውና።

ግማሹ በፊቅህ ውስጥ ቦታ አለውን?

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። በጥንታዊው ፊቅህ ጋብቻ የንብረት ውህደት አይፈጥርም። የባል ሀብት የባል፣ የሚስትም የሚስት ነው። ሚስት ከመህሯና ከቀለቧ በቀር በባሏ ሀብት ላይ መብት የላትም፤ ባልም በሚስቱ ሀብት ላይ የለውም። ይህ ሥርዓት ሴት የራሷን ሀብት ያለ ባሏ ፈቃድ እንድታስተዳድር ያስቻለ ስለሆነ በዘመኑ ሚዛን ሲታይ ቀላል ነገር አልነበረም። ታዲያ የቤተሰብ ሕጉን ግማሽ በፈራኢድ ፊት ማስቀደም ሁለት ሕጎችን ያለ አግባብ መስፋት አይሆንም ወይ?

እንደ ጸሐፊው አስተያየት አይሆንም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የድርሻ ጥያቄ አይደለም። ፈራኢድ የሟችን ሀብት ያከፋፍላል እንጂ የሟች ሀብት የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ያ በውል፣ በሽርክና፣ በስጦታና በማስረጃ ደንቦች የሚወሰን ነው። በደንቡ መሠረት የቀብር ወጪ፣ ዕዳ፣ ወሲያ በዚህ ቅደም ተከተል ከድርሻ በፊት ይመጣሉ፤ ያልተከፈለ መህር ከዕዳ ይቆጠራል፤ የኮንዶሚኒየሙ ቀሪ የባንክ ብድርም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የሌላ ሰው የሆነው ለባለቤቱ ይመለሳል። በአደራ የተቀመጠ ዕቃ በሟች ቤት ስለተገኘ አይወረስም። ሚስት ደመወዟን ለቤቱ ክፍያ አውላ ከነበረ፣ ወይም ሱቁን ከባሏ ጋር እኩል ስትሠራበት ከኖረች፣ በንብረቱ ውስጥ ያላት ነገር ከአደራው ዕቃ በምን ያንሳል?

ከዚህ ላይ ዑርፍ፣ ማለትም የአካባቢው ልማድ፣ ይገባል። ልማድ ዳኛ ነው የሚለው የፊቅህ መርህ በግልጽ ውል ያልተባለውን በተለመደው እንድንሞላ ይፈቅዳል። በአዲስ አበባ ቤት የሚሠሩ ባልና ሚስት የሚተዳደሩት ንብረቱ የሁለታችን ነው በሚል ግንዛቤ መሆኑን የሚክድ ጥቂት ነው። ሕጉም ይህን ግንዛቤ ደግፎታል፤ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 40 ጋብቻ በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም የሚያስከትለው ውጤት አንድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በኒካህ የተጋቡትም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ተጋቢዎች የተለየ የንብረት ሥርዓት ከፈለጉ በጋብቻ ውል መስማማት ይችላሉ። ካልተስማሙ ግን በሕጉና በልማዱ ጥላ ሥር እንደተጋቡ መቁጠር ፊቅህን አይጥስም።

ይህን መንገድ የሄዱ ሌሎች አገሮች አሉ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የእስልምና ሕግ ስብስብ በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የጋራ ሀብቱን ግማሽ አስቀድሞ እንዲወስድ ደንግጋለች፤ ፈራኢዱ የሚሠራው በቀሪው ላይ ነው። ደንቡ የተወሰደው ከአገሬው ልማድ ሲሆን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ ይሠሩበታል። በሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የንብረትን መለያየት በመርህ ይዞ፣ ተጋቢዎች በጋብቻ ዘመን ስለሚያፈሩት ንብረት በተለየ ሰነድ እንዲስማሙ ፈቅዷል። በውል ካልተስማሙም የእያንዳንዳቸው ድካምና አስተዋጽኦ በማስረጃ እንዲመዘን አድርጓል።

በሚስት ስም የወጣው ቤት

የሰሚት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጉዳዩን ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫም ያስነሱታል። በከተማው የቤቶች ፕሮግራም ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ ይያዝ ስለነበር፣ በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. በተካሄዱት ምዝገባዎች ቤተሰቡ በሚስት ስም መመዝገቡን ቢመርጥ የሚያስደንቅ አልነበረም። ቤቱ በስሟ ወጣ፤ ውሉም በስሟ ተፈረመ፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከባል ደመወዝ ሲቆረጥ ኖረ እንበል። ባል ሲሞት ምን ይሆናል?

በቤተሰብ ሕጉ መልሱ አጭር ነው፤ ቤቱ የጋራ ነው፣ ግማሹ ወደ ውርስ ይገባል። በንብረት መለያየት መርህ ግን ቤቱ የሚስት የግል ሀብት ነው ተብሎ ከነአካቴው ከተሪካ ሊወጣ ይችላል። በቀደመው ምሳሌ መላው ቤት የሟች ነው ሲሉ የነበሩት ልጆች እዚህ ላይ የጋራ ሀብት ደጋፊ ይሆናሉ። ይህን የምናነሳው ለፌዝ አይደለም፤ ወጥ የሆነ መርህ የግድ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ጉዳዩን የሚያይ ቃዲ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም ከዚህ ይወጣሉ። ባል የከፈለው በሂባ ነበርን? ሂባ ከሆነ ርክክቡ ተፈጽሟልን? ወይስ ስሟ የገባው ለዕጣው ብቻ ነበር? የባንክ ደረሰኝ፣ የደመወዝ ቅነሳ ደብዳቤ፣ ምዝገባው በተደረገበት ጊዜ የነበሩ ምስክሮች ሁሉ እዚህ ዋጋ አላቸው። ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ በአንድ ገጽ ሊያሰፍሩት የሚችሉት ነገር፣ አንደኛቸው ከሞቱ በኋላ የወራት ክርክር ይሆናል።

እናት እያለች

በሙስሊሙም በክርስቲያኑም የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። እናት በሕይወት እያለች ቤት ለክፍፍል አይቀርብም። ውርስ ይከፈል ብሎ ከሁሉ ቀድሞ አፉን የሚከፍት ልጅ ይታዘናል፤ ሽማግሌዎችም እናታችሁ ትረፍበት ብለው ይሸኙታል። የልማዱ ደግነት አይካድም። እናትን በስምንተኛ ድርሻዋ ከቤቷ ከመውጣት ይታደጋታል። ከላይ ያየነው ስሌትም ልማዱ ለምን ያለ ብዙ ጠብ እንደሚሠራ ያስረዳል፤ የልጆች የመጨረሻ ድርሻ አይለወጥምና መታገሥ የሚያስከፍል አይመስልም።

ግን ያስከፍላል። በመጀመሪያ እናት በቤቱ ትኖራለች እንጂ የቤቱ ባለቤት አትሆንም። ካርታው በሟች ስም እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ በስሟ አታከራየውም፣ አታስይዘውም፣ ሸጣ ወደ አነስተኛ ቤት አትዛወርም። ልማዱ የሚሰጣት ከልጆቿ መልካም ፈቃድ የሚመነጭ መጠለያ ነው፤ ግማሹ ግን የራሷ ነበር።

ሁለተኛው ይርጋ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 የወራሽነት ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት፣ በማናቸውም ሁኔታ በ15 ዓመት ይታገዳል። ደንቡ በጋራ ወራሾች መካከል የሚሠራበት ወሰን የሕግ ባለሙያዎችን የሚያከራክር ነው። ቢሆንም አንድ ወንድም ከእናቱ ጋር ቤቱን ይዞ ቆይቶ፣ እናት ስትሞት «ጊዜው አልፏል» ብሎ ለመከራከር በር ይከፍትለታል። ለእናቷ ክብር ዝም ያለች እህት ዝምታዋ በመዝገብ ላይ እንደ መዘግየት ይነበባል። እዚህ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ድርሻን መወሰንና ንብረትን መከፋፈል ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ድርሻው ተሰልቶ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ክፍፍሉ እናት በሕይወት እስካለች ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛው በመጠበቅ ላይ ሳለ የሚሞት ወራሽ ነው። የፈራኢድ ሊቃውንት ለዚህ ሙናሰኻ የሚባል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላቸው፤ ምዕራፉ መኖሩ ራሱ ክፍፍልን ማዘግየት የሰሚት ፈጠራ አለመሆኑን ይመሰክራል። በሦስተኛው ስሌታችን አንደኛው ወንድ ልጅ ከአባቱ በኋላ፣ ከክፍፍሉ በፊት፣ ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። 840,000 ብሩ በአባቱ ሞት ቅጽበት የእርሱ ሆኗል። ከዚህ ላይ እናቱ አንድ ስድስተኛ፣ 140,000፤ ሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ 105,000፤ ልጁ ቀሪውን 595,000 ይወርሳሉ። በተግባር ግን ከዓመታት በኋላ ቤቱ ሲሸጥ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት በሕይወት ያሉት ልጆች ናቸው፤ የሟች ወንድም ሚስትና ወላጅ አልባው ልጅ ይዘነጋሉ። አንዳንዴ «አጎት ካለ የልጅ ልጅ አይወርስም» የሚለው ደንብም ይጠቀስባቸዋል። ደንቡ ግን የሚሠራው አባትየው ከአያት ቀድሞ ሲሞት ብቻ ነው። (በዚያም ሁኔታ ቢሆን የግብጽ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ለልጅ ልጆች ግዴታ የሆነ ወሲያ አስገብቷል፤ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የልጅ ልጆች በወላጃቸው ቦታ ተተክተው እንዲወርሱ ያደርጋል።) የሞት ቅደም ተከተል እዚህ ሁሉንም ነገር ይወስናል፤ ስለዚህ የሞት ምዝገባ ማስረጃ ከሽማግሌ ትዝታ ይቀድማል።

እህት ስትተው

ሌላው ልማድ እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ መተዋ ነው። በሰደቃ ወይም በዱዓ ስብሰባ ላይ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ «እኔ ትቻለሁ» ትላለች፤ ምርቃትም ይከተላል። በገጠር ይዞታ ረገድ ይህ የተለመደ መሆኑ ይታወቃል። የቤተሰቡ መነሻ ስልጤም ይሁን ጉራጌ ወይም ወሎ፣ ያገባች ሴት የአባቷን መሬት አትከፍልም የሚለው አስተሳሰብ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከተማ ይመጣል። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በውርስ የሚተላለፈው የይዞታ መብቱ ነው፤ እሱም በየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይመራል። የሰሚቱ ቤትና የትውልድ አገሩ ይዞታ በአንድ ሽምግልና ቢቀርቡም በአንድ ሕግ አይታዩም።

በፊቅህ ውርስ በሞት ቅጽበት በሕግ ኃይል ወደ ወራሹ ይገባል፤ መቀበልም አለመቀበልም አያሻውም። አባት በሕይወት ሳለ የተገባ «አልወርስም» የሚል ቃል ዋጋ የለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በሕይወት ባለ ሰው ውርስ ላይ የሚደረግ ስምምነት እንዲሁ ፈራሽ ነው። ከሞት በኋላ የሚደረገው ግን ይቻላል። አንደኛው መንገድ ተኻሩጅ ነው፤ ወራሹ የተወሰነ ገንዘብ ወይም ዕቃ ወስዶ ከቀሪው ይወጣል። ለኮንዶሚኒየም ክፍፍል የሚመቸው ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ቤቱን ያስቀራል፣ ሌሎቹን በገንዘብ ይሸኛል። ሁለተኛው ስጦታ ነው፤ ስጦታ ግን ያለ ርክክብ አይጸናም። በመደበኛው ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት ካልተከተለ አይጸናም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት የሚያስተላልፍ ስምምነትም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ በምርቃት ብቻ የታጀበው «ትቻለሁ» በሁለቱም ሚዛን ጎዶሎ ነው።

ከቅርጹ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዕውቀቱ ነው። የምትተወው እህት የድርሻዋን መጠን ታውቃለችን? በምሳሌያችን 420,000 መሆኑ ተነግሯት የተወች እህት ሰጥታለች፤ መጠኑን ሳታውቅ በአፍረት የተወችው ሰጥታለች ለማለት ያስቸግራል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ደግሞ ማንም፣ እናቱም ብትሆን፣ ድርሻውን ልትተውለት አትችልም። የአርባ ቀን ሰደቃ ወጪ ከተሪካው ሲወጣ የሚረሳው ይኸው ነው። ከቀብር ወጪ አልፎ የሚደገሰው ሁሉ ከአዋቂዎቹ ወራሾች ድርሻ በፈቃዳቸው እንጂ ከሕፃኑ ድርሻ ሊወጣ አይገባም።

ሲሦውና የቃል ኑዛዜ

ከድርሻ በፊት ከሚመጡት የመጨረሻው ወሲያ ነው። ከንብረቱ ሲሦ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀርም ለወራሽ አይደረግም። በኢትዮጵያ ሁኔታ ወሲያ ልዩ ጥቅም አለው። በወሎና ከወሎ በመጡ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ውስጥ ወንድማማቾች በሁለት ሃይማኖት መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በፊቅህ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከሙስሊም አይወርስም፤ በመደበኛው ሕግ ሃይማኖት ከውርስ አያግድም። ስለዚህ ክርስቲያን ልጅ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚስማማበት ምክንያት የለውም፤ አንድ ልጅ ሲቃወም ደግሞ የሌሎቹም ምርጫ ይዘጋል። አባት በሕይወቱ ሳለ ከሲሦው ለዚህ ልጅ በወሲያ ቢሰጥ ግን፣ ልጁ ወራሽ ስላልሆነ ክልከላው አይነካውም። ቤተሰቡም በአንድ መድረክ ሊስማማ ይችላል።

ችግሩ የወሲያው አደራረግ ነው። በልማድ ወሲያ በአልጋ ላይ፣ በሁለት ታማኝ ምስክሮች ፊት፣ በቃል ይነገራል። ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜን በጠባብ ወሰን ይዞታል። የቀብር ሥርዓትን ለመወሰን፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ለማድረግ ብቻ ይፈቅዳል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሰሚት ቤትን ሲሦ በቃል የተናዘዘ አባት፣ በአንደኛው መድረክ ወሲያው ሊጸናለት በሌላኛው ግን ከ500 ብር በላይ ላያልፍለት ይችላል። ያንኑ ቃል በጽሑፍ አድርጎ ለተናዛዡና ለአራት ምስክሮች ተነቦ ሁሉም ቢፈርሙበት፣ ወይም ከምስክሮቹ አንዱ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ሲሆን በሁለት ምስክሮች ቢፈጸም፣ ሰነዱ በሁለቱም መድረክ የሚቆም ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግማሽ ቀንና የማይጠላለፍ ቃል ነው።